የሰዓት እቁብ፦ ልጅ እያሳደጉ ለመማር፣ ቴኳንዶ ለመሥራትና መጽሐፍ ለማንበብ

የማስተርስ ትምህርቴን በጀመርኩበት ሴሚስተር ራሴን ጎበዝ አድርጌ እቆጥር ነበር። ከሰኞ እስከ ዓርብ ቢሮ፣ ቅዳሜና እሁድ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ክፍል፣ በሳምንት ሦስት ጠዋት ቴኳንዶ፣ ማታ ማታ አልጋ ላይ መጽሐፍ። የሥራ ባልደረቦቼ «እንዴት ቻልከው?» ሲሉኝ «የሰዓት አጠቃቀም ነው» እያልኩ ደረቴን እነፋ ነበር። አንድ እሁድ ማታ ይህንኑ ለወንድሜ በስልክ ስተርክለት ባለቤቴ አጠገቤ ልብስ ታጣጥፋለች። ስልኩን እስክዘጋ ጠበቀችና «የማን ሰዓት?» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

እውነቷን ነው። አገኘሁት ያልኩት ሰዓት ሁሉ ከእሷ ኪስ የወጣ ነበር። እኔ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቀበቶዬን ስታጠቅ ሁለት ልጆች የምታለብሰው፣ ምሳ ዕቃ የምትሞላው፣ ትንሹን እያባበለች ጫማውን የምታስረው እሷ ናት። እኔ ቅዳሜ ክፍል ስቀመጥ እሷ ቅዳሜ ገበያ ዘንቢል ይዛ ትዞራለች።

ስለዚህ ይህ መመሪያ ሰዓት እንዴት እንደሚገኝ አያስተምርም። ልጅ ባለበት ቤት ሰዓት አይገኝም፤ ከሰው ይወሰዳል። ከተወሰደ ደግሞ እንደ ማንኛውም ብድር ተቆጥሮ፣ ተጽፎ፣ ተራ ወጥቶለት መመለስ አለበት። ለዚህ የሚሆን ሥርዓት አያቶቻችን ሠርተው አውርሰውናል፤ እቁብ ይባላል። እኛ ቤት ከብር ይልቅ ሰዓት እንጥላለን።

ሁኔታችንን ልንገራችሁ። ትልቋ ልጃችን 9፣ ትንሹ 4 ዓመቱ ነው። ባለቤቴም ሠራተኛ ናት፤ የቤት ሠራተኛ የለንም። የእናንተ ቤት ከዚህ የተለየ ከሆነ ቁጥሩን ቀይሩት።

አንደኛ፦ 168ቱን ሰዓት ሁለታችሁም ጻፉ

አንድ ሳምንት 168 ሰዓት ነው። ሁለት ወረቀት አምጡና ለየብቻችሁ ጻፉ። አንዱ ለሌላው አይሙላለት። እኔ መጀመሪያ የባለቤቴን ወረቀት ራሴ ሞልቼ አቅርቤላት ነበር፤ አንብባ ሳቀች፤ ሳቋ ደስ የሚል አልነበረም።

ቆጠራው ከእንቅልፍ ይጀምር። «ከተረፈኝ እተኛለሁ» ያለ ሰው አይተርፈውም። በቀን 7 ሰዓት በሳምንት 49 ይሆናል፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኝቶ ከሌሊቱ 11 ሰዓት መነሳት ማለት ነው። ቀን የተማርነው የሚረጋው በእንቅልፍ ጊዜ ስለሆነ ከእንቅልፍ ቀንሶ ማጥናት በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው። ይህን በሦስት ሳምንት ውስጥ በራሴ ላይ አይቼዋለሁ፤ ያነበብኩትን ገጽ ጠዋት ስከፍተው እንደ አዲስ እንግዳ ያየኝ ነበር።

49 ሲወጣ 119 ይቀራል። ቢሮና መንገድ 45፤ ቀሪ 74። እስከዚህ ድረስ የሁለታችን ወረቀት አንድ ዓይነት ነበር። ከዚህ በኋላ ግን መንገዳችን ተለያየ። በእኔ ወረቀት ላይ የቤት ሥራ፣ መብላትና መታጠብ 28፤ ክፍል 8፤ ቤተ ክርስቲያን፣ እድር፣ ልቅሶና ማኅበር 8፤ ልጆች 14 ሆነና 16 ሰዓት ተረፈ። በእሷ ወረቀት ላይ የቤቱ 42፣ ማኅበራዊው 8፣ የልጆቹ 18። የተረፈላት 6 ሰዓት ነው። እኔ የምማረው ሰውዬ 16፣ የማትማረው እሷ 6!

በግምት አትጻፉ። አንድ ሳምንት ሙሉ የሠራችሁትን በየምሽቱ መዝግቡና ከዚያ ደምሩ። በግምት የሚጻፍ ወረቀት ላይ እንጀራ በራሱ ይጋገራል፣ ዩኒፎርም በራሱ ይታጠባል፣ ጄሪካን ውሃ በራሱ ይሞላል።

ሁለተኛ፦ እቁቡን መሥርቱ

የሁለታችን ትርፍ አንድ ላይ 22 ሰዓት ሆነ። የእቁቡ ገንዘብ ይህ ነው። በመጀመሪያው ስብሰባ (ስብሰባው የተደረገው ኩሽና ውስጥ፣ ሽንኩርት እየተከተፈ ነው) ከእሷ ወረቀት ላይ 4 ሰዓት ሥራ ወደ እኔ ተሻገረ፦ የረቡዕ እራት፣ የዓርብ ማታ ልብስ አጠባ፣ ሰኞና ዓርብ ጠዋት ልጆቹን ማልበስ። የእኔ ትርፍ 12፣ የእሷ 10 ሆነ። እኩል አይደለም፤ ግን ተስማምተንበታል፤ ልዩነቱ በኋላ የሚከፈል ነው።

ሰዓቱ በቀንና በሰዓት ተለይቶ ይሰየም። «በሳምንት 10 ሰዓት አለሽ» የሚባል እጣ ወጥቶ አያውቅም። የእሷ ረቡዕ ከምሽቱ 11 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ዓርብ ማታ በዚያው ሰዓት፣ እሁድ ከጠዋቱ 3 እስከ 7 ሰዓት ነው። እነዚህ ሰዓቶች ሲደርሱ እሷ ቤት ውስጥ ብትኖርም የለችም፤ ትንሹ «እማዬ!» ሲል የምመልሰው እኔ ነኝ። እዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ደንብ አለን፦ በእጣው ሰዓት ምን እንደተሠራበት አይጠየቅም። አንዳንድ ዓርብ ከእህቷ ጋር ጣና ዳር ተቀምጣ ዓሣ ትበላለች፤ አንዳንድ ዓርብ በሩን ዘግታ ትተኛለች። የእቁብ ብር ወስዶ ምን እንደገዛበት የሚጠየቅ ሰው አለ እንዴ?

የተበደራችሁት በመዝገብ ይስፈር። ፈተና ሲደርስ ከእሷ እሁድ 3 ሰዓት ብወስድ ይጻፍብኛል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ እመልሳለሁ። ጸሐፊዋ ትልቋ ልጃችን ናት። ደብተሩን ስትገልጥ የእድር ጸሐፊ ትመስላለች፤ «አባዬ፣ 2 ሰዓት ከግማሽ አለብህ» ስትለኝ ደግሞ ይግባኝ የለም። መጀመሪያ ለቀልድ የሰጠናት ሥራ ነበር፤ ግማሽንና ሩብን መደመር የለመደችው ግን በእኔ ዕዳ ነው።

ዋስም ያስፈልጋል። ሁለታችሁም በአንድ ሰዓት ስትጠሩ ልጆቹን የሚይዝ አንድ ጎረቤት ወይም ዘመድ አስቀድማችሁ አነጋግሩ፤ የእሱንም ውለታ እዚያው ደብተር ላይ አስፍሩት። የእኛ ዋስ አማቴ ናቸው። እሳቸው ሰዓታቸውን የሚቀበሉት በሰዓት አይደለም፤ ወር በገባ መድኃኒታቸውን ገዝቶ መውሰድ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ሄዶ ሳይቸኩሉ መቀመጥ ይፈልጋሉ።

ሦስተኛ፦ ትምህርቱን በሰዓት ስፈሩ

«አጠናለሁ» ማለት ልክ የሌለው ነገር ነው፤ ልክ የሌለው ነገር ቤቱን ሁሉ ይወርሳል። መስፈሪያው ግን በእጃችሁ ነው። የኮርሱ ዝርዝር ላይ 5 ኢሲቲኤስ (የኮርስ ክብደት መለኪያ ነው) ተብሎ ተጽፎ ከሆነ አንዱ በ27 ሰዓት ስለሚሰላ ኮርሱ 135 ሰዓት ሥራ ይጠይቃል፤ ክፍል የምትቀመጡበትም እዚያው ውስጥ ነው። ሁለት እንዲህ ያሉ ኮርሶች 270 ሰዓት ናቸው። ለ16 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት ወደ 17 ይጠጋል። ክፍል 8 ሰዓት ከወሰደ 9 ሰዓት የግል ጥናት ይቀራል። ሦስተኛ ኮርስ ልጨምር ብላችሁ የምታስቡ ከሆነ ይህን ሒሳብ ለትዳር አጋራችሁ አሳዩና ከዚያ ወስኑ። እኔ አሳይቼ ሁለት ላይ ቀረሁ፤ ምረቃው ይዘገያል፣ ይዘግይ።

9 ሰዓቱን እንዲህ አስቀመጥኩት፦ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከሌሊቱ 11 እስከ 12 ሰዓት፤ ማክሰኞና ሐሙስ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 4፤ ቅዳሜ ከክፍል በኋላ ግቢው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ 3 ሰዓት። የሌሊቱ 11 ሰዓት ወርቅ ነው። ከተማው ጸጥ ይላል፤ የሚሰማው ከጊዮርጊስ በኩል የሚመጣው የኪዳን ዜማ ብቻ ነው፤ ባጃጆቹ ገና አልተነሱም። ከባዱን ነገር፣ ስታትስቲክሱን፣ የማይገባችሁን ጽሑፍ እዚህ ላይ አስቀምጡት። ማታ ቀላሉን፦ ማስታወሻ ማስተካከል፣ ማጣቀሻ መልቀም፣ አሳይንመንት መተየብ።

አጠናኑ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰዓቱ አጭር ሲሆን ትልቁን ልዩነት የሚያመጣው እዚህ ነውና። ብዙዎቻችን ሃንድአውት እያሰመርን ደጋግመን እናነባለን። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ ጽሑፉን ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ የተሻሉ ነበሩ፤ ከሳምንት በኋላ ግን የበለጡት አንድ ጊዜ አንብበው ከዚያ ራሳቸውን በቃል የፈተኑት ናቸው። ስለዚህ 1 ሰዓት ካላችሁ 25 ደቂቃ አንብቡ፤ ዝጉት፤ ባዶ ወረቀት ላይ ያስታወሳችሁትን ጻፉ፤ ከፍታችሁ የጎደለውን በቀይ ሙሉ። ቀዩን ብቻ ነገ፣ ከሦስት ቀን በኋላና በሳምንቱ መልሱ።

ጎጃም ላለን ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የቅኔ ቤት ተማሪ ቀን ከዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ የተበላሸው እዚያው ይቃናል። ቆጠራና ነገራ ይሉታል። እኔም ከግቢ ወደ ቤት ዘንባባው ሥር በእግሬ እየተመለስኩ የዕለቱን ትምህርት እቆጥራለሁ፤ ቤት ስደርስ ለትልቋ እነግራለሁ። የ9 ዓመት ልጅ ያልገባትን ነገር እኔም አልገባኝም ማለት ነው። አንድ ቀን «የናሙና አወሳሰድ»ን በምስር ለቀማ አስረድቻት፣ ፈተናው ላይ የመጣው ያው ሆነ።

የቡድን ሥራ ላይ አጭር ምክር፦ ቡድናችሁን ከሌሎች ወላጆች ጋር መሥርቱ። ልጅ የሌለው ጎረምሳ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በቴሌግራም «የት ናችሁ?» ይላል። ወላጅ ግን በቀጠሮ ይመጣል፣ ሥራውን ተከፋፍሎ ይሄዳል፤ ልጁ ቢታመም የእሱን ክፍል ትሠሩለታላችሁ፣ በተራችሁ ይሠራላችኋል። ለመመረቂያ ጽሑፍ ደግሞ ቢሮ የምታውቁትን ችግር ምረጡ፤ መረጃው ቢሮ ጠረጴዛችሁ ላይ ነው።

አራተኛ፦ ስፖርቱን ከልጅ ጋር አድርጉት

ከ12ቱ ትርፍ ሰዓቴ ላይ የጥናቱ 9 ሲነሳ 3 ቀረኝ። የመጀመሪያውን ሴሚስተር ሦስት ጠዋት ወደ ሁለት አወረድኩት፤ ከነመንገዱ አንድ ሰዓት ተኩል፣ አንድ ሰዓት ተኩል። ሲያንሰኝ ያየሁት መፍትሔ ትልቋን ይዤ መሄድ ነበር። ከእሷ ጋር የምሠራበት ሰዓት ከልጆች ሒሳብም ይቆጠራል፤ ባለቤቴም ጠዋት አንድ ልጅ ቀነሰላት። እንዲህ አንድ ሰዓት ሁለት ጊዜ የሚቆጠርበትን ቦታ ፈልጉ። ትምህርት ላይ ግን አትሞክሩት፤ ልጅ እያጫወቱ የተነበበ ጽሑፍ ልጁንም ጽሑፉንም ያስቀይማል።

ክለብ ስትመርጡ መጀመሪያ ርቀቱን እዩ፤ ከቤት በእግር ወይም በብስክሌት ከ15 ደቂቃ የሚበልጥ ከሆነ ክረምት ሲገባ ትተዉታላችሁ። ሜዳማ ከተማ መኖራችን ለብስክሌት ይመቻል። ከዚያ ሳትመዘገቡ አንድ ሙሉ ልምምድ ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ። ማስተሩ ሰውነት ሳያሟሙቁ ወደ ምት የሚገቡ ከሆነ፣ ልጆችን ጭንቅላት ለጭንቅላት የሚያማቱ ከሆነ፣ ጀማሪውን በትልልቆቹ ፊት የሚያሳፍሩ ከሆነ አመስግናችሁ ውጡ። አንድ ነገር ደግሞ ቀድማችሁ ጠይቁ፦ ክለቡ የአይቲኤፍ ነው ወይስ የወርልድ ቴኳንዶ? ሁለቱ ለየብቻ የሚመሩ ዓለም አቀፍ የቴኳንዶ ማኅበራት ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2000ው ሲድኒ ጀምሮ በኦሊምፒክ የሜዳሊያ ውድድር ላይ የሚታየው የወርልድ ቴኳንዶ ነው፤ ሰለሞን ደምሴ በቶኪዮ ኢትዮጵያን ወክሎ የተጋጠመውም በዚያ ነው። ልጃችሁ እዚያ መድረስን የምታልም ከሆነ ልዩነቱ ትርጉም አለው። እንደ እኔ ጉልበቱ እንዳይዝግ ለሚፈልግ ወላጅ ግን ቅርብ የሆነው ክለብ ይሻላል። እኛ የምንሠራው አይቲኤፍ ነው።

በአይቲኤፍ 24 ፓተርን (በቅደም ተከተል የሚሠራ የእንቅስቃሴ ስልት) አለ። መሥራቹ ጄኔራል ቾይ 24 ያደረጉት የአንድን ቀን 24 ሰዓት እንዲወክል ነው፤ አንድ ቀን ደግሞ በእሳቸው ዘንድ የሕይወት ዘመናቸው ሁሉ ነበር። የመጀመሪያው ቾንጂ 19 እንቅስቃሴ ብቻ ነው፤ ሰማይና ምድር ማለት ነው፤ መከላከልና ቡጢ እየተፈራረቁ ወደ አራቱ አቅጣጫ ትዞሩና ከጀመራችሁበት ነጥብ ላይ ትቆማላችሁ። ለወላጅ የተሠራ ይመስላል፤ ሶፋውን ገፋ አድርጎ ሳሎን ውስጥ ይሠራል።

ክለብ የማትሄዱበት ቀን የ20 ደቂቃ የቤት ልምምድ ይኑራችሁ። የእኛ እሁድና ሰኞ ማታ ነው፦ 5 ደቂቃ ማሟሟቂያ፤ 6 ደቂቃ ፓተርን፣ ልጄ ትቆጥራለች እኔ እሠራለሁ፣ ከዚያ እንቀያየራለን፤ 5 ደቂቃ የፊትና የጎን ምት ቀስ ብሎ፣ ግድግዳ ይዞ፤ 4 ደቂቃ መሳሳብ። በባዶ እግር ሲሚንቶ ላይ አትዝለሉ፤ ጉልበት ዋጋውን ይጠይቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ክለብ ሁለት ጊዜ 60፣ ቤት ሁለት ጊዜ 20፣ በድምሩ 160። ከዚህ በላይ የሚጠይቀኝ የራሴ ጉራ ብቻ ነው።

ለክለብ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋትን የመረጥነው ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ ነው። እስከ 9 ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ የሚጾሙ ሰዎች ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ላብ በላብ ሆነው ቀኑን መግፋት የለባቸውም። በሁዳዴው 55 ቀን ልምምዱን ወደ ምሽት እናዞራለን፤ ማስተሩም የምሽት ክፍል ስላላቸው አልተቸገርንም። አብረውን የሚሠሩ ሙስሊም ጓደኞቻችን በረመዳን ከኢፍጣር በኋላ ቀለል ያለውን ይሠራሉ።

አንድ ሞኝነቴን ልናገር። ለሚድ ኤግዛም አራት ቀን ሲቀረው ስፓሪንግ (የልምምድ ግጥሚያ) ገባሁና የቀኝ አውራ ጣቴን ተጎዳሁ። እስክሪብቶ በመካከለኛና በቀለበት ጣት መካከል ይዤ አራት ገጽ ጻፍኩ፤ አስተማሪው የዶክተር ማዘዣ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ ወዲህ ፈተና 10 ቀን ሲቀረው ስፓሪንግ የለም፤ የቀበቶ ፈተናም ከትምህርት ፈተና ጋር ከተጋጨ ቀበቶው ለቀጣዩ ዙር ይተላለፋል። አረንጓዴ ቀበቶ ላይ ከሚገባው በላይ ቆይቻለሁ። ልጄ ሰማያዊ ታጥቃ ከፊቴ ትቆማለች፤ እጅ ስንነሳም ለእሷ አጎነብሳለሁ።

አምስተኛ፦ ንባብን ከቡና ጋር እሰሩት

ሒሳቡን አይታችኋል፤ ለንባብ የቀረ ሰዓት የለም። ለአንድ ወር ያህል ተውኩትና ራሴን አጣሁት፤ የኮርስ ጽሑፍ ማንበብ ንባብ አይደለም፤ ደመወዝ የሌለው ሥራ ነው። መፍትሔው የመጣው ከቡና ነው።

ቅዳሜ 11 ሰዓት ላይ ቡና ይፈላል። ከአቦል እስከ በረካ ያለው ጊዜ አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ያንን ሰዓት አንሰርቀውም፣ እዚያው እንገባበታለን። ስልኮቻችን ባዶው መሶብ ውስጥ ይገባሉ፣ ክዳኑ ይገጠማል። ቡናው እስኪቆላና አቦል እስኪቀዳ ትልቋ ለትንሹ ተረት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነባለች፤ ፊደል ስትስት ሁላችንም እንሰማለን፣ የሚያርም ግን የለም። ከአቦል እስከ ቶና እኔ ወይም ባለቤቴ ከያዝነው መጽሐፍ አንድ ቦታ ጮክ ብለን እናነባለን። ከቶና በኋላ ዝም ነው፤ ሁሉም የየራሱን ይገልጣል፣ ትንሹም ሥዕሉን። መጀመሪያ ሰሞን ዝምታው 4 ደቂቃ ቆየ። አሁን በረካው ሲቀዳ የሚያነሳ ሰው ጠፍቶ ይቀዘቅዛል።

በየማታው ከመተኛት በፊት 10 ገጽ። 10 ገጽ በወር 300 ገጽ ነው፤ አንድ ደህና ልብ ወለድ። ከአንድ መጽሐፍ በላይ ባንድ ጊዜ አትጀምሩ። 40 ገጽ ድረስ ካልያዛችሁ ያለ ጸጸት ለአዟሪው መልሱትና በሌላ ቀይሩ፤ አሮጌ መጽሐፍ ላይ ትንሽ ጨምሮ መለወጥ ይቻላል። ቀጭን መጽሐፍ ቦርሳ ውስጥ አይጥፋ፤ ፀጉር ቤትና ክሊኒክ ወረፋ ላይ ያነበብኩት ሳይታወቀኝ ሁለት መጽሐፍ ሆኗል። ባጃጅ ውስጥ ግን አትሞክሩት።

ጣና አጠገብ መኖር የራሱ ጣጣ አለው። ከመሸ በኋላ በረንዳ ላይ ማንበብ የወባ ትንኝ መቀለብ ነው። እኔ አጎበሬ ውስጥ ገብቼ፣ ግንባር ላይ የምትታሰር ትንሽ ባትሪ አድርጌ አነባለሁ። ባለቤቴ ዋሻ ውስጥ ያለ ባሕታዊ ትለኛለች። ያችው ባትሪ መብራት ሲጠፋም ታገለግላለች፤ መብራት ለጠፋበት ምሽት የሚሆን ሥራ ደግሞ አስቀድማችሁ ለዩ፦ በቃል መከለስ፣ ፓተርን፣ ተረት።

ስድስተኛ፦ ዕቅዱን የሚያፈርሱትን አስቀድማችሁ አስገቡ

ከውጭ የተቀዱ የሰዓት ዕቅዶች እኛ ዘንድ የሚፈርሱት ልቅሶን ስለማያውቁ ነው። ልቅሶ ቀጠሮ አይዝም። እኛ 8 ሰዓት ማኅበራዊ ብለን የለየነው ለዚህ ነው፤ በአንዱ ሳምንት ካልተነካ ለሚቀጥለው ይጠራቀማል። ልቅሶ ከመጣ ያለ ድርድር ሂዱ፤ ጥናቱ ይቀራል። ክርስትና፣ ሠርግ፣ ምርቃት ሲሆን ግን አንዳችን ቤቱን ወክለን እንሄዳለን፣ ሌላው ይቀራል፤ ማን እንደሚሄድ በተራ ነው። መጀመሪያ «ባለቤትህስ?» የሚል ወቀሳ ነበር፤ አሁን ለምደውናል።

ማኅበር የምትጠጡ ከሆነ ሴሚስተሩ ሲጀመር የእናንተ ተራ መቼ እንደሚደርስ ከፈተና ሰሌዳው ጋር አስተያዩ። የእኛ ተራ የመጨረሻ ፈተና ሳምንት ላይ ወድቆ ነበር፤ ሁለት ወር ቀድመን ስለተናገርን አንዲት እናት በደስታ ተቀያየሩን። በሳምንቱ ብንናገር ኖሮ ጠላው ተጠምቆ ስለሚቆይ የሚሆን አልነበረም።

ልጅ ሲታመም ደግሞ ሁሉም ይፈርሳል። ያን ጊዜ ምን ቀድሞ እንደሚወድቅ ሳይታመም ተስማሙ። የእኛ ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ መጀመሪያ የቀበቶ ፈተና፣ ከዚያ ክለብ፣ ከዚያ የሌሊቱ ጥናት። እንቅልፍና የቅዳሜ ቡና አይነኩም። ባለፈው ክረምት ትንሹ በወባ 6 ቀን ሲተኛ ሦስቱም ወደቁ፤ አንድ አሳይንመንት ዘግይቶ ገባ፣ 5 ነጥብ ተቀነሰብኝ። ከሕክምና ቤት ስንመለስ ቡናው ግን ፈላ፤ ትንሹ አልጋው ላይ ሆኖ ተረቱን አዳመጠ።

የፈተና ሁለት ሳምንት የብድር ወቅት ነው። እኔ 9 ሰዓት ተበድሬ ለገና ዕረፍት መለስኩ። ስትበደሩ ከአጋራችሁ እንቅልፍ ወይም እሁድ ጠዋት አትጀምሩ፤ መጀመሪያ የራሳችሁን ክለብ ዝጉ።

ሰባተኛ፦ እጣውን አዙሩ

እቁብ አንድ ሰው ብቻ የሚበላበት ከሆነ እቁብ አይደለም። ወረቀቶቹን በየሴሚስተሩ መጨረሻ አውጥተን እንደገና እንጽፋለን። መስከረም ላይ ባለቤቴ የሒሳብ አያያዝ ትምህርቷን ልትቀጥል ተመዝግባለች፤ ያኔ እኔ የምይዘው አንድ ኮርስ ብቻ ነው፤ ትልቁን ድርሻ የምትወስደው እሷ ናት።

ርክክቡ በቃል አይሆንም፤ ሥራውን ቀድሞ መልመድ ያስፈልጋል። ከግንቦት ጀምሮ ቅዳሜ ገበያ የምወጣው እኔ ነኝ፤ የምስሩን ዋጋ፣ የትኛዋ ሴትዮ ቲማቲም ከታች የተጨመቀ እንደማትሸጥ፣ ጤፍ በእጅ ተዘግኖ እንዴት እንደሚታይ እየለየሁ ነው። የትምህርት ቤት የወላጆች ቴሌግራም ቡድን ውስጥ ገብቻለሁ፤ የአስተማሪዋን ስም አውቃለሁ። ሊጡን አቡክቻለሁ፤ ምጣዱ ላይ ግን እንጀራዬ ገና ዓይን አላወጣም። ትልቋ ፀጉሯን ሹሩባ እንድሠራት አንድ እሁድ ጭንቅላቷን ሰጠችኝ፤ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ፣ መስታወት አይታ ዝም አለች፤ ከዚያ ደብተሩን አምጥታ «ይህ ከማን ሰዓት ይቆረጥ?» ብላ ጠየቀችኝ።